ከዝግባው ሥር የተኛችው

ጉለሌ፣ የጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ እግሯ የተሰበረው ወይዘሮ ባንቺአምላክ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ ከአጥር ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ ሙሉወርቅ በርጩማ ጫፍ ላይ ሳህን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ሙሉወርቅ፦ አንድ እፍኝ እንኳ ቅመሺ። ጉልባን ነው፣ መርዝ አይደለም።

ባንቺአምላክ፦ መርዝ ነው አልወጣኝም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ። ይዘውት ይመለሱ።

ሙሉወርቅ፦ ይመለሱ? እኔን ነው እርስዎ የምትይኝ?

ባንቺአምላክ፦ ጎረቤት ሳለን አንቺ ነበር የምልዎት። አሁንማ ሰው ይዘው ለሚካኤል የሚያስረክቡ ትልቅ ሰው ሆነዋል። በምን አንደበቴ አንቺ ልበል?

ሙሉወርቅ፦ ተይ ባንቺ። እዚህ ለመምጣት ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር እንደተሟገትኩ ብታውቂ። ስገባ እንኳ እጄን ልዘረጋ ብዬ…

ባንቺአምላክ፦ ዕድለኛ ነዎት፣ ሕማማት ነው፤ ሰላምታ የለም። ባይሆን ኖሮ ያን ጉንጭ የት ያደርሱት ነበር?

ሙሉወርቅ፦ እግርሽ ሲሰበር ምላስሽ ደህና ተርፏል።

ባንቺአምላክ፦ ለሚካኤል ሳይነግሩት ረስተው ነው። እግሯን ብለው ምላሷን ሳይሉ ቀሩ።

ሙሉወርቅ፦ እግርሽን አላልኩም። እግር የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

ባንቺአምላክ፦ ታዲያ ምን ነበር ያሉት? እስቲ ይድገሙልኝ። ያን ዕለት ከኋላ ስለነበርኩ ደህና አድርጌ አልሰማሁም።

ሙሉወርቅ፦ ሰምተሻል።

ባንቺአምላክ፦ እዚህ ቁጭ ብለው ፊት ለፊቴ ሲሉት ልስማዋ።

ሙሉወርቅ፦ «ዥጉርጉሬን፣ አበባዬን፣ ከዝግባው ሥር ነቅሎ የወሰደብኝን ሰው ለሚካኤል ሰጥቼዋለሁ» ነው ያልኩት። ስም አልጠራሁም።

ባንቺአምላክ፦ አዎ፣ ስም አልጠሩም። ቁልቢ ሲሄዱ የግቢውን ቁልፍ ለማን ሰጥተው እንደሄዱ ግን መንደሩ ያውቃል። ድሬዳዋ እህትዎ ጋ ሲሰነብቱ አበባዋን ማን ያጠጣ እንደነበርም ያውቃል። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ዓይንዎን ግን እኔ ላይ። ስም ለምን ያስፈልጋል?

ሙሉወርቅ፦ ተናድጄ ነበር። ስመለስ ቦታው ባዶ ነው፤ አፈሩ ተቆፍሯል። ምን ልበል?

ባንቺአምላክ፦ አልፈርድብዎትም። እኔም ቅበላ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ተንሸራተትኩ። ዝናብ ያረጠበው ድንጋይ ነው፤ ከእኔ በፊት የወደቀበት ስንት ሰው አለ። መንደሩ ግን ድንጋዩን ማን አየልኝ? «ሚካኤል ያዛት» አለ። ወጌሻው ራሱ እግሬን እየጎተተ «እማማ፣ የያዙት ነገር ካለ ቢመልሱ ይሻላል፤ አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም» አለኝ።

ሙሉወርቅ፦ ወጌሻው እንዲህ አለሽ?

ባንቺአምላክ፦ አለኝ። እኔ ከሕመሙ የተነሳ ጩኸት ላይ ነኝ፤ እሱ ኑዛዜ ይቀበላል።

ሙሉወርቅ፦ ባንቺ፣ ወጥታለች።

ባንቺአምላክ፦ ማን?

ሙሉወርቅ፦ ዥጉርጉሬ። እዚያው ከዝግባው ሥር፣ እዚያችው ቦታ ላይ።

ባንቺአምላክ፦ ምን አሉኝ?

ሙሉወርቅ፦ አልተሰረቀችም። ለካ በጋውን ትተኛለች። ቅጠሏ ረግፎ ይጠፋል፣ ከአፈር ውስጥ ግን እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አላት። የበልግ ዝናብ ሲነካት ትነሳለች። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ያው ከቦንጋ ጫካ ያመጣልኝ እሱ አይደል? «እዚያም በጋ ላይ አትታይም እኮ፣ አልነገርኩሽም እንዴ?» አለኝ። እንኳን ሊነግረኝ፣ የተተከለችበትን ቆርቆሮ ደጄ ላይ አስቀምጦ መኪናው አመለጠኝ ብሎ የሮጠ ሰው ነው።

ባንቺአምላክ፦ ተኝታ ነው።

ሙሉወርቅ፦ ተኝታ።

ባንቺአምላክ፦ እኔ እዚህ ሌባ እየተባልኩ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

ሙሉወርቅ፦ እንግዲህ ምን ይደረጋል? አበባ ናት፤ አትናገር ነገር።

ባንቺአምላክ፦ ለመሆኑ መቼ ነው የወጣችው?

ሙሉወርቅ፦ በቅርቡ ነው።

ባንቺአምላክ፦ በቅርቡ ማለት?

ሙሉወርቅ፦ ትናንት… ከትናንት ወዲያ መሰለኝ።

ባንቺአምላክ፦ ቅጠሏ ተዘርግቷል?

ሙሉወርቅ፦ ተዘርግቷል እንጂ። ያ ብርማ ነጠብጣቧ ሁሉ ወጥቷል። እንዲያውም ካምናው ይበልጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ወይን ጠጅ ጣል ጣል አድርጎባታል።

ባንቺአምላክ፦ አበባስ?

ሙሉወርቅ፦ እምቡጥ ይዛለች። አንዷ ፈክታለች፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ።

ባንቺአምላክ፦ ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ እኔ ይቺን አበባ አምና በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ነው የከረምኩት። መጀመሪያ የምታወጣው ሹል ነገር ነው። እሱ ተጠቅልሎ ይቆያል፣ ይቆያል፤ የሚፈታ አይመስልም። ሲፈታም ቅጠሉ ዝም ብሎ አረንጓዴ ነው፤ ነጠብጣቡ የሚመጣው እያደር ነው። እምቡጡማ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ትናንት ወጥታ ዛሬ አንገቷን አትደፋም።

ሙሉወርቅ፦ ይሄን ሁሉ አይተሻል?

ባንቺአምላክ፦ መቼ ወጣች?

ሙሉወርቅ፦ ምኩራብ ሰሞን።

ባንቺአምላክ፦ ጾሙ ገና ሳይጋመስ።

ሙሉወርቅ፦ አዎ።

ባንቺአምላክ፦ እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ሲያደርጉ ነበር?

ሙሉወርቅ፦ ሳፋ ደፋሁባት።

ባንቺአምላክ፦ ምን?

ሙሉወርቅ፦ ያን ሰማያዊ ሳፋዬን። ሰው እንዳያያት። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሳ ገለጥ አድርጌ ውሃ ጠብ አደርግላታለሁ፤ ከዚያ መልሼ እከድናታለሁ። አትሳቂብኝ።

ባንቺአምላክ፦ የምስቅ ይመስልዎታል? ጥላ ትወዳለች እንጂ ጨለማ ትወዳለች ማን አለ? ጫካ ውስጥ እንኳ በቅጠሉ መሀል የሚያልፍ ብርሃን አላት። ደሞ ከላይ አያጠጧት፤ ቅጠሏ ላይ ውሃ ሲያድርባት ይበሰብሳል። ዙሪያዋን የረገፈ ቅጠል አድርገው እሱ ላይ ያፍስሱ።

ሙሉወርቅ፦ እሺ።

ባንቺአምላክ፦ ምን እሺ ይሉኛል? ሌባ ለአበባዎ ምክር ትሰጣለች፣ እርስዎ እሺ ይላሉ።

ሙሉወርቅ፦ ይቅር በይኝ፤ የመጣሁት ለዚህ ነው። አፍሬያለሁ ባንቺ። ሳፋውን ባነሳሁ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። እሷ እንደሆነች ምንም አላደረገችኝ፤ ባየኋት ቁጥር ግን እልህ ይይዘኛል፤ ለምን ወጣሽ እላታለሁ።

ባንቺአምላክ፦ ለምን ወጣሽ?

ሙሉወርቅ፦ ባትወጣ ኖሮ እውነቴን ነበር።

ባንቺአምላክ፦ እና ዛሬ ምን አነሳዎት? ሳፋው ጠበባት?

ሙሉወርቅ፦ ለፋሲካ ልቆርብ አስቤ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ሄደሽ ሳትታረቂ እንዳትመጪ» አሉኝ።

ባንቺአምላክ፦ አሃ፣ በሉኛ። የመጡት ለቁርባንዎ ነው።

ሙሉወርቅ፦ ለሁለቱም ብል ምን አለበት?

ባንቺአምላክ፦ ምንም የለበትም። እኔ ደሞ በመንገድ ላይ የተገኘሁ ነኝ።

ሙሉወርቅ፦ «አባ፣ ለሚካኤል የሰጠሁት ሌባ ከሌለ፣ ያ ነገር ለማን ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አኮስትረው «ይሄን ነገ በስግደቱ ላይ ራስሽ ጠይቂው» አሉኝ። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ባንቺአምላክ፦ ቆይ፣ ቆይ። ምኩራብ ሰሞን ነው የወጣችው አላልሽም?

ሙሉወርቅ፦ አልኩ።

ባንቺአምላክ፦ የመጋቢት ሚካኤል ከምኩራብ በኋላ ነው።

ሙሉወርቅ፦ ባንቺ…

ባንቺአምላክ፦ የማኅበሩ ተራ የእኔ የነበረ ዕለት። ልጄ ቤዛ ከሥራ መልስ ወገቧ እስኪቆረጥ ጠላውን ጠምቃ፣ ሽሮውን ሠርታ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሳ ደርድራ፣ እኔን ነጠላዬን አልብሳ እዚህ አልጋ ላይ አስቀምጣኝ። ሁለታችንም በር በር ስናይ ዋልን። አንድ ሰው አልመጣም። አንድ ሰው። ጠላው እስኪሆመጥጥ ተቀምጦ፣ ኋላ ሰፈር ውስጥ ለሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ሰጠናቸው። ያን ዕለት አንቺ ታውቂ ነበር?

ሙሉወርቅ፦ አውቅ ነበር።

ባንቺአምላክ፦ አበባዋ ወጥታ፣ ሳፋ ደፍተሽባት፣ እኔ ንጹሕ መሆኔን እያወቅሽ?

ሙሉወርቅ፦ አዎ። እቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር። ሁሉም አልሄድም ሲሉ ሰምቻለሁ። ነጠላዬን አንስቼ መልሼ ሰቀልኩት። ብቻዬን ብመጣ ለምን መጣች ይሉኛል፤ ምክንያቱን ብናገር ጉዴ ይፈላል። ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ባንቺአምላክ፦ አንቺ ሴትዮ።

ሙሉወርቅ፦ አሁን አንቺ አልሽኝ።

ባንቺአምላክ፦ አልኩሽ። እርስዎ የሚባል ሰው እንዲህ አይሠራም።

ሙሉወርቅ፦ ስደቢኝ፤ ይሻለኛል። ብትፈልጊ ምቺኝ። እኔ ግን እንድታውቂልኝ የምፈልገው፣ ለማኅበርተኛው ሁሉ እነግራለሁ። አንድ በአንድ፣ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ቀስ አድርጌ…

ባንቺአምላክ፦ ቀስ አድርገሽ? ስትረግሚኝ ቀስ አድርገሽ ነበር? በየቤቱ እየዞርሽ በጆሯቸው ነበር የነገርሻቸው?

ሙሉወርቅ፦ ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? በር ላይ ቆሜ «ዋሽቻለሁ» ልበል? ልጆቼ በዚህ ሰፈር ነው የሚኖሩት።

ባንቺአምላክ፦ የእኔ ልጅስ የት ነው የምትኖረው?

ሙሉወርቅ፦ እሱማ…

ባንቺአምላክ፦ ቤዛ መዝሙር ትታለች፤ ሰምተሻል? ከሕፃንነቷ ጀምሮ የዘመረችበትን። ልጆቹ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰምታ ልብሷን አጣጥፋ ይዛ መጣች። ዘንድሮ ሆሳዕናን እቤት ዋለች። ዘንባባ እንኳ ጣቷ ላይ አላሰረችም።

ሙሉወርቅ፦ የባሰ አታድርጊብኝ። እኔ ያሰብኩት… ግማሿን እሰጥሻለሁ። አበባዋን። ከሥሯ እከፍልልሽና ከእናንተ ኮሽም ሥር እንተክላታለን። ሰው ሲያያት ያውቃል፤ ይሄ እርቅ ነው ይላል።

ባንቺአምላክ፦ ግማሿን?

ሙሉወርቅ፦ ከፈለግሽ ሁሉንም ውሰጂ።

ባንቺአምላክ፦ አምና ስለምንሽ ምን አልሽኝ?

ሙሉወርቅ፦ መቼ?

ባንቺአምላክ፦ እንዳታስመስዪ። በአጥሩ በኩል «ሙልዬ፣ ከዚች ነገር ትንሽ ክፈዪልኝ፣ እኔም እንዳንቺ ደስ ይበለኝ» አልኩሽ። ደጃፍሽ ላይ ለሰው ትታይ ብለሽ ፀሐይ ላይ አስጥተሻት ዳር ዳሯ ሲያርር፣ ጥላ ውሰጃት፣ ጫካ ለምዳለች፣ ዝግባው ሥር አድርጊያት ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነበርኩ። በእሱ እንኳ አስቢኝ ብዬ ነው የለመንኩሽ። «አትከፈልም፣ ከተነካች ትሞታለች» አልሽኝ።

ሙሉወርቅ፦ ያኔ መስሎኝ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ዛሬ ግማሿ ከየት መጣ?

ሙሉወርቅ፦ ብቻ እምቢ አትበዪኝ።

ባንቺአምላክ፦ አበባሽን አልፈልግም። ብታመጫትም አፈር አላለብሳትም። እኔን ያቃጠለኝ ማኅበሩም አይደለም፤ ወጌሻውም አይደለም። እኔን ያቃጠለኝ ቤዛ ናት።

ሙሉወርቅ፦ መዝሙሩን በመተዋ?

ባንቺአምላክ፦ በጠየቀችኝ። አንድ ቀን እግሬን በሙቅ ውሃ እየያዘችልኝ፣ ቀና ሳትል፣ «እማዬ፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፤ ወስደሻታል?» አለችኝ። ልጄ። የወለድኳት ልጅ።

ሙሉወርቅ፦ ምን አልሻት?

ባንቺአምላክ፦ ዝም አልኩ።

ሙሉወርቅ፦ ዝም አልሽ? አልወሰድኩም አትያትም?

ባንቺአምላክ፦ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ ታገላብጠኛለች፤ ዓይኔን ግን አታየውም። ጨርቅ ስታመጣልኝ እንኳ ወደ ግድግዳ እያየች ነው።

ሙሉወርቅ፦ ለምን ዝም ትያለሽ? ያልወሰድሽውን ነገር?

ባንቺአምላክ፦ ስለዋሸሁ።

ሙሉወርቅ፦ ምን ዋሸሽ?

ባንቺአምላክ፦ ከቁልቢ መጥተሽ ስትጠይቂኝ «እኔ ስመጣ አልነበረችም» አልኩሽ። ውሸት ነው። ነበረች። በእጄ ላይ ነው የደረቀችው። አንቺ እንደሄድሽ ቅጠሏ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀመረ። ውሃ አንሷት ነው ብዬ ጠዋትም ማታም አጠጣኋት። ባሰባት። አንድ ጠዋት መጥቼ ሳይ ሙሉ በሙሉ ወድቃለች፤ እንደ እርጥብ ወረቀት መሬት ላይ ተለጥፋለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ የሞተውን ቅጠል ለቅሜ ጣልኩ፣ አፈሩን ኮትኩቼ አለሰለስኩ፣ ምናልባት ታቆጠቁጥ ይሆናል ብዬ። ያየሽው ቁፋሮ የእኔ ነው።

ሙሉወርቅ፦ ቆይ። አንቺ ነሽ የቆፈርሽው?

ባንቺአምላክ፦ እኔ ነኝ።

ሙሉወርቅ፦ ፊቴ ላይ ቆመሽ አላየሁም ስትዪኝ፣ እያወቅሽ?

ባንቺአምላክ፦ እያወቅሁ።

ሙሉወርቅ፦ ደረቀችብኝ ብትዪኝ ኖሮ እኔ ሚካኤል በር ምን ወሰደኝ? ይሄ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር እኮ። እኔ እዚህ በኃፍረት እሞታለሁ፣ ለካ አንቺም…

ባንቺአምላክ፦ ለካ እኔም። ቀለለሽ አይደል?

ሙሉወርቅ፦ አልቀለለኝም።

ባንቺአምላክ፦ ቀሎሻል፤ ፊትሽ ላይ አየሁት። ቅድም ስትገቢ ትከሻሽ ወርዶ ነበር፣ አሁን ተነሳ። ሂጂና ለአባ ንገሪያቸው፤ «እሷም ዋሽታኛለች፣ እኩል ነን» በያቸው። ያቆርቡሻል።

ሙሉወርቅ፦ እውነት ለመናገር ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ለምን? አሥራ ምናምን ዓመት ጎረቤት ነን፤ እንጀራ ስትቆርጪ የእኔ ልጆች ነበሩ የሚቀድሙሽ። ደረቀች ማለት እንዴት ያቅትሻል?

ባንቺአምላክ፦ ለምኜሽ ከልክለሽኝ ነበራ። እሷን ያህል ነገር ተከልክዬ፣ ቁልፉ በተሰጠኝ ማግስት እጄ ላይ ብትሞት ምን ትያለሽ? «ቀንታ ገደለችብኝ» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ሌባ እባላለሁ ብዬ አላሰብኩም። ምቀኛ እንዳልባል ነው የሸሸሁት። ምቀኛ መባልን ፈርቼ ሌባ ተባልኩ፤ ደግ አደረገኝ።

ሙሉወርቅ፦ እል ነበር።

ባንቺአምላክ፦ ምን?

ሙሉወርቅ፦ ቀንታ ገደለችብኝ እል ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ ምንም አልልም ነበር።

ባንቺአምላክ፦ አውቅሽ የለ።

ሙሉወርቅ፦ ልጅ አውጥታ ነበር ባንቺ።

ባንቺአምላክ፦ ማን?

ሙሉወርቅ፦ ዥጉርጉሬ። አምና ስትለምኚኝ። ከጎኗ ሁለት ትናንሽ ልጆች ብቅ ብለው ነበር፤ አይቻቸዋለሁ። ነቅዬ ብሰጥሽ እናቲቱ እንኳ አታውቅም ነበር። ግን ሰው ሁሉ መጥቶ «ከየት አመጣሻት?» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ሰፈር እኔ ጋ ብቻ እንድትኖር ፈለግሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ለአንቺ ልስጥ ስል እንዴት እንዳሳሳኝ አላውቅም፤ አንቺ ስንት ነገር ሰጥተሽኛል።

ባንቺአምላክ፦ ተዪው።

ሙሉወርቅ፦ አልተወውም። ስትለምኚኝ እምቢ በማለቴ አፍሬ ነበር። ስላፈርኩም ነው መሰለኝ ባዶውን አፈር ስመለከት ቶሎ አንቺን ያሰብኩሽ። ሌላ ሰው አልመጣብኝም። መንገደኛ፣ ዶሮ፣ ፍልፈል፣ ምንም። እንደፈለግሻት አውቅ ነበራ። ሌባ ሆነሽ ብትገኚ እምቢ ያልኩት ልክ ይሆንልኛል።

ባንቺአምላክ፦ ይሄን ለአባ ነግረሻቸዋል?

ሙሉወርቅ፦ አልነገርኳቸውም። አሁን አንቺ ጋ ስናገር ነው እኔም የሰማሁት።

ባንቺአምላክ፦ እኔ ደግሞ እግሬ ሲሰበር ያልኩትን ልንገርሽ? ደረጃው ላይ ወድቄ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳያነሳኝ፣ «ሚካኤልዬ፣ በውሸቴ ነው አይደል?» አልኩ። እነሱ ሌባዋ ተያዘች ሲሉ እኔም ሆዴ ውስጥ አዎ እያልኩ ነበር። ለዚህ ነው ለቤዛ መመለስ ያቃተኝ። አልወሰድኩም ብላት «ታዲያ የት ሄደች?» ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ የምለው የለኝም።

ሙሉወርቅ፦ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?

ባንቺአምላክ፦ ዛሬ ልብስ ስፌቱን በጊዜ ይዘጋሉ። መድረሷ ነው። ምነው?

ሙሉወርቅ፦ እጠብቃታለሁ።

ባንቺአምላክ፦ ምን ልትያት?

ሙሉወርቅ፦ የሆነውን።

ባንቺአምላክ፦ የእኔንም?

ሙሉወርቅ፦ የአንቺን ትቼ የእኔን እንዴት እነግራታለሁ? ተያይዟል እኮ።

ባንቺአምላክ፦ ሙሉ፣ ልጄ ናት። ሌባ አይደለችም ብለሽ ውሸታም ናት ልትያት ነው? አሁን ሂጂ። ሌላ ቀን እኔው ራሴ…

ሙሉወርቅ፦ ሌላ ቀን ስል እኮ ነው ሳፋ ደፍቼባት የከረምኩት።

ባንቺአምላክ፦ ኮቴዋ ነው። መጣች። ሙሉ፣ እባክሽ።

ሙሉወርቅ፦ ነይ ቤዛ። ቦርሳሽን አስቀምጪና፣ አይ፣ ሳትቀመጪ ስሚኝ፤ ከተቀመጥሽ እፈራለሁ። እናትሽ አልወሰደችም። የጠፋ ነገር የለም፤ አበባዬ አፈር ውስጥ ተኝታ ነበር፣ ከወጣች ሰንብታለች፣ እኔ ነኝ ከድኜ የደበቅኋት። ስታጠጣልኝ የደረቀች መስሏት ነበር። ደረቀች ብላ ልትነግረኝ ያልቻለችው እኔን ፈርታ ነው፤ ችግኝ ለምናኝ ሞልቶ ሳለ ከልክያታለሁ፤ ቀንተሽ ገደልሻት እንደምላት ስለምታውቅ ነው። ዋሸችኝ ካልሽ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ስትጠይቂያት ዝም ያለችሽም በዚህ ነው። በይ እናትሽን ቀና ብለሽ እያት። እኔ ልሂድላችሁ።

ባንቺአምላክ፦ የት ነው የምትሄጂው? ተቀመጪ። ቤዛ፣ ያን በር አትዝጊው፤ ወለል አድርገሽ ክፈችው። አንቺም ሙሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚላት፤ ድምፅሽን ሚካኤል በር እንደቆምሽ ዕለት አድርገሽ።